የሳህሊቱ የክፉ ቀን ጓዳ

ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ዳር፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ የወይዘሮ ሳህሊቱ ነው። የሰፈሩ ሰው ያን በር ከማንኳኳቱ በፊት የጫማውን ጭቃ ድንጋይ ላይ ይጠርጋል። ሳይጠርግ ቢገባም ሳህሊቱ ምንም አትለውም፤ ተናጋሪ ሴት አይደለችም። ፈገግ ብላ ወንበር ትሰጠዋለች። እንግዳው ሲወጣ ግን የረገጠውን ሁሉ ተከትላ በበረኪና ታጥባለች። የሰፈሩ ልጆች ኳሳቸው አጥሩን ዘሎ ከገባባቸው አይጨነቁም፤ ታጥቦ ነው የሚመለስላቸው።

ሃያ ስምንት ዓመት በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሠርታለች። ደም የጠጣ አንሶላ፣ መግል የደረቀበት ጨርቅ፣ ትውከት፣ ቅዘን፣ ሁሉም በእጇ አልፏል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ፊቷን አጨማድዳ አታውቅም። ሥራ ነዋ። ጓንት አለ፣ የፈላ ውኃ አለ፣ በረኪና አለ። ጡረታ በወጣች ማግስት ግን ሃያ ስምንት ዓመት ታፍኖ የኖረው መጸየፍ በአንድ ጊዜ ግንፍል አለባት። ብርጭቆ ላይ የቀረ የጣት አሻራ ያንገፈግፋት ጀመር። ገበያ ላይ ቅቤ በጣታቸው እየጨለፉ የሚቀምሱ ሴቶች ጥፍር፣ ባጃጅ ውስጥ የሌላ ሰው ሙቀት ያልለቀቀው መቀመጫ፣ እርጥብ የሰላምታ እጅ። «ኤጭ» ትላለች በሆዷ፣ ማንም ሳይሰማት፣ ከዚያም ኪሷ ውስጥ ባለው ቁራጭ ጨርቅ እጇን ትጠርጋለች።

የክፉ ቀን ጓዳዋ ታሪክ ግን ከጡረታዋ በፊት ይጀምራል። ልጇ ሩት የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች፣ ባሏ አማረ ለሥራ ሁምቦ በወረደበት አንድ ክረምት፣ ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ገበያ ሳይቆም ሰነበተና ቤቷ ውስጥ ዱቄት አለቀ። ሁለት ቀን ስኳር በውኃ እየበጠበጠች ልጇን አጠጣች። በሦስተኛው ቀን ሰሃን ይዛ ጎረቤት ሄደች። ጎረቤቷ አልከለከለቻትም፤ የዕቃውን ሥር ጠራርጋ አንድ ኩባያ ዱቄት ሰጠቻት። ዱቄቱ ውስጥ ፀጉር ነበረበት። ረጅም፣ ቅቤ የጠጣ፣ የሰው ፀጉር። ሳህሊቱ በሁለት ጣቷ ስባ አወጣችው፣ አመስግና ወጣች፣ ገንፎ ሠርታ ልጇን አበላች፤ እሷ ሳትቀምስ አደረች። ከዚያ ወዲህ «ለምኖ መብላት» ሲባል ዓይኗ ላይ የሚመጣው ያ ፀጉር ነው። ሁለተኛ በሰው ደጅ ሰሃን ይዤ አልቆምም አለች።

አማረ ከሞተ በኋላ፣ የዛሬ አራት ዓመት ገደማ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለሴቶች ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኙ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ነበር። «መብራት ቢጠፋ፣ ውኃ ቢቆም፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ቤታችሁ ስንት ቀን ይቆያል?» ብሎ ጠየቀ።

«ጓሯችን እንሰት አለ፣ አንተ ግን ምን ልትሆን ነው?» አለችው አንዷ ከኋላ፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ሳህሊቱ አልሳቀችም። አሠልጣኙ የሚለውን ሁሉ በደብተር ጻፈች። ውኃ ለአንድ ሰው ይህን ያህል፤ ዱቄት፣ ምስር፣ ጨው፣ ዘይት፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ባትሪ፣ ሳሙና። መጨረሻ ላይ «በየስድስት ወሩ እያወጣችሁ ተጠቀሙ፣ በቦታው አዲስ ተኩ» ሲልም ጻፈች። እንዲያውም ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት።

ያልፈጸመችው ያችኑ ያሰመረችባትን ብቻ ነው።

ከቤቱ በስተጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል አጸዳች፣ መደርደሪያ አስመታች፣ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ከዘይት ነጋዴዎች የገዛቻቸውን አሥራ አራት ቢጫ ጀሪካኖች በሳሙና ሦስት ሦስት ጊዜ አጥባ ውኃ ሞላቻቸው፤ አፋቸውን በፌስታል ጠቅልላ በላስቲክ አሰረች። የአጃ ዱቄት በሁለት የፕላስቲክ ባልዲ፣ ምስር በጠርሙስ፣ የቃሪያና የበርበሬ ዳጣ በማር ጠርሙስ፣ አምስት ኪሎ ቅቤ በነጭ የፕላስቲክ ዕቃ። ለሁሉም ወረቀት ለጠፈችለት፤ ስሙንና የገባበትን ቀን በንጹሕ የእጅ ጽሑፏ ጻፈችበት። ከሁሉ በላይ የምትኮራው ግን በሰማያዊው የፕላስቲክ በርሜል ነበር። የገበያውን ምርጥ ቆጮ፣ ነጩን፣ ጠቅጥቃ ሞልታበት፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ሦስት ዙር አሽጋዋለች። ሳህሊቱ ተወልዳ ያደገችው ከሻንቶ በላይ ባለ መንደር ነው። እናቷ የእንሰቱን ጉድጓድ እየከፈቱ ቅጠሉን ሲቀይሩ ሽታውን ሸሽታ እስከ ወንዝ ድረስ ትሮጥ ነበር። አሁን ይኸው ቆጮ ያለ ጉድጓድ፣ ያለ ቅጠል፣ ያለ ትል፣ ያለ ሽታ!

በየቅዳሜው ክፍሉን ከፍታ የሁሉንም ዕቃ ገላ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ውስጡን ግን አትነካም። የታሸገ ነገር መክፈት ለእሷ የታጠበ አንሶላ መሬት ለመሬት እንደመጎተት ነው።

ዘንድሮ በነሐሴ ሩት ወለደች። በትዳር ስድስት ዓመት ቆይታ፣ በኦፕራሲዮን፣ ሴት ልጅ። ባሏ ታምራት ዲምቱ ከተማ መምህር ነው፤ ሦስት ቀን አስታሞ ለክረምት ትምህርት ተመለሰ። የታምራት እናት ወይዘሮ አስናቀች ከመንደራቸው ሆስፒታል ድረስ መጥተው ነበር።

«እኔ ጋ ትታረስ» አሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «ቅቤ አለ። ቡላ አለ። ሰው አለ።»

ሳህሊቱ ያየችው እጃቸውን ነው። የእንሰት ጭማቂ የጣቶቻቸውን ስንጥቅ ሁሉ አጥቁሮታል፤ ጥፍራቸው ሥር የገባው ጥቁር ነገር በምንም ሳሙና የሚወጣ አይደለም። በዚያ እጅ ነው የእርሷን ሩት የሚያበሉት፣ ያን ቁስል የሚነኩት።

«እማማ አስናቀች፣ አይቸገሩ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የእኔ ጓዳ ሙሉ ነው። ቁስሏም ንጹሕ ቤት ይፈልጋል።»

አሮጊቷ አዩዋት። «እሺ፣ የሩት እናት» አሉና ተነሡ።

ሩት በወለደች በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ መብራት ጠፋ። ዓርብ የቧንቧ ውኃ ቆመ፤ ውኃውን የሚገፋው በመብራት ነውና። ቅዳሜ ነዳጅ የለም ተባለ፤ ባጃጆች በየዛፉ ሥር ቆሙ፣ ወፍጮ ቤቶች ዘጉ፣ የስልክ ኔትወርክም ጠፋ። ዝናቡ ደግሞ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ከገጠር ገበያ የሚወጣ ሰው የለም። ሰዉ ሁሉ ከጣሪያው አሸንዳ ሥር በርሜልና ባልዲ ደቅኗል። ሳህሊቱ ብቻ አሸንዳ የላትም። እርግቦች ጣሪያው ላይ ስለሚኩሱ ዓምና አስነቅላዋለች።

በእነዚያ ሦስት ቀናት፣ ለራሷ መናገር ቢያሳፍራትም፣ ደስ ብሏት ነበር። ጎረቤቷ መሠረት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «የክፉ ቀን እመቤት! ይኸው ቀንሽ ደረሰልሽ!» ስትላት ሳህሊቱ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች።

«እኛ ምንም አይጎድለንም» አለች።

«እኛማ ጎድሎናል! ዛሬ ያደረ ንፍሮ ነው የበላነው። ካላለቀብሽ ሻማ ስጪኝ።»

«ነገ ጓዳውን ስከፍት እሰጥሻለሁ።»

ቤት ውስጥ የነበረው ምግብ እስከ እሑድ በቃቸው። ሰኞ ጠዋት ሩት ትራሱን ተደግፋ «እማ፣ ጡቴ ባዶ ነው መሰለኝ፤ እየጠባች ታለቅሳለች» አለች። ሕፃኗ የምትጮኸው በቀጭኑ ነው፤ አፏን ወዲያና ወዲህ እያዞረች የምትፈልገውን ስታጣ ፊቷ ይጠቁራል። ሳህሊቱ ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች።

«አጥሚት አሁን ይደርስልሻል» አለቻት። «ጓዳው ሙሉ ነው።»

በመጀመሪያ የከፈተችው ጀሪካን ነው። ፌስታሉን ፈትታ አፍንጫዋን ስታስጠጋ የተቃጠለ ዘይትና የኩሬ ሽታ አንድ ላይ መጣባት። በነጭ ሳፋ ስትቀዳው ከውኃው ጋር አረንጓዴ ልጋግ ተጎትቶ ወጣ፤ እንደ ንፍጥ ተለጠጠና ሳፋው ውስጥ ዱብ አለ። ሁለተኛውን ከፈተች። ሦስተኛውን። እንዲህ እያለች መጨረሻው ድረስ ከፈተች። አሥራ አራቱም ያው ናቸው፤ አንዳንዱ ልጋጉ ቡናማ ነው፣ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።

የአጃ ዱቄቱን ባልዲ ስትከፍት ክዳኑ ሥር ድር አገኘች። የሸረሪት አይደለም፤ ዱቄቱን እርስ በርሱ የሰፋ ነጭ ድር። በማንኪያ ስትገፋው ዱቄቱ ተንቀሳቀሰ። ነቀዝ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ትል ነበር፣ ራሱ ቡናማ የሆነ፣ በሺህ የሚቆጠር፣ ባሳለፋቸው ወራት ሁሉ በልቶ፣ ወልዶ፣ ሞቶ፣ ሬሳውን እዚያው የተወ። የዳጣው ጠርሙስ ክዳን ገና ጫፉን ስታዞረው ዷ ብሎ ፈነዳና ቀይና አረንጓዴው ግድግዳው ላይ፣ ጉንጯ ላይ፣ በነጭ ነጠላዋ ላይ ተረጨ። ሻማዎቹን አይጥ በልቷቸዋል፤ ክሩን ብቻ ትቶ፣ በቦታቸው ጥቁር ጥቁር ፍግ አስቀምጧል። ሳሙናው ላይ ጥርሱ ታትሟል። ከባትሪዎቹ ነጭ ዝቃጭ ፈስሶ የእጅ መብራቱን አንጀት በልቶታል። ምስሩን ነቀዝ ባዶ ቅርፊት አድርጎታል። ቅቤው ቢጫ ሳይሆን ግራጫ ሆኗል፤ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል።

ወረቀቶቹ ግን ሁሉም በቦታቸው ናቸው። ጽሑፋቸውም አልደበዘዘም።

በርሜሉን በመጨረሻ ነው የነካችው። ፕላስተሩን በቢላ ቆርጣ ክዳኑን ስታነሣ የወጣውን ሽታ ለመግለጽ ሳህሊቱ በሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኗ ያሸተተችው ሁሉ አይበቃም። ቆጮው ውኃውን የሚያፈስበት ቀዳዳ አጥቶ በራሱ ጭማቂ ውስጥ ሰምጧል። ላዩ ላይ ሐምራዊና ጥቁር ሻጋታ እንደ ሱፍ ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ አረፋ ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ ይወጣል። ክዳኑን መልሳ ደፋችና በጀርባዋ በሩ ላይ ተደግፋ ቆመች።

ከመጸየፉ ይልቅ ያንገበገባት ግን የራሷ ነገር ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው የወለወለችው ይህንን ነበር።

ለማንም አልተናገረችም። የአጃውን ዱቄት በቀጭን ወንፊት ሦስት ጊዜ ነፋች፤ የማያልፈውን ትል ጣለች፣ ያለፈውን እንዳላየች ሆነች። ከጀሪካኖቹ የተሻለውን ውኃ በጨርቅ አጥልላ፣ ግማሽ ሰዓት አፍልታ አጥሚት ሠራች። ሩት አንድ ጊዜ ፉት አለች። ሁለተኛውን ስትውጥ ዓይኗ ፈጠጠና አስታወከች። ማስታወክ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ሆዷ ሲኮማተር ስፌቱ ስለሳባት ጮኸች። ሳህሊቱ ደግፋ ይዛት ፋሻውን ገልጣ አየችው፤ ስፌቱ አልተፈታም። ሕፃኗ በሁለቱ መካከል ታለቅሳለች።

«እማ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደል። ጭስ ገብቶበት ነው።»

በዕድሜዋ ልጇን የዋሸችው ስንቴ እንደሆነ በጣት የሚቆጠር ነው። ሰሃን አንሥታ እስከ መንገዱ በር ሄደች። ከመሠረት ቤት የንፍሮ ሽታ ይመጣል። እጇን ወደ መቀርቀሪያው ሰደደች፤ «እኛ ምንም አይጎድለንም» ያለችበት አፏ ግን ምን ብሎ ይከፈት? የዚያ ዱቄት ፀጉር ጣቶቿ መካከል ሲንሸራተት ተሰማት። ሰሃኑን ነጠላዋ ሥር ደብቃ ተመለሰች። ያን ቀን ሩት የበላችው ሁለት ብስኩት ነው፤ እሱም ከሆስፒታል ጠያቂዎች የተረፈ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሳህሊቱ ስትከፍት ወይዘሮ አስናቀች ናቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከመንደራቸው ሶዶ ድረስ መኪና ስላልነበረ ከንጋት ጀምሮ በእግራቸው መጥተዋል፤ ከኋላቸው የተከራዩት አህያ ቆሟል። አህያው ጀርባ ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሁለት ትልልቅ እሥር ቆጮ፣ በትንንሽ ጥቅል ደግሞ ቡላና ቅቤ አለ። ከቅጠሉ ሥር ነጭ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ያ ሳህሊቱ በልጅነቷ የሸሸችው ሽታ እንደ እንግዳ ቀድሟቸው ገባ። አህያው የሰማያዊው በር ደፍ ላይ ቆም አለና፣ ጅራቱን አነሣ።

«ሳሮ፣ የሩት እናት!» አሉ አሮጊቷ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ የአህያውን ሥራ እያዩ እንዳላዩ። «ሩት ደህና ነው? ሕፃን ደህና ነው? መኪና የለም፣ ስልክ የለም። ታዲያ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ?»

«ደህና ናቸው… ይግቡ፣ እማማ» አለች ሳህሊቱ። ዓይኗ ግን ከደፉ ላይ አልነሣ አለ።

አስናቀች ሦስት እርምጃ እንደገቡ ቆሙ። አፍንጫቸውን ወደ ጓሮ አዞሩ። አንፍጧቸው ስለነበር በነጠላቸው ጫፍ ተናፈጡና እንደገና አሸተቱ።

«ምን ሞተ?»

«ምንም…»

«አለ! የሞተ ነገር አለ።» ጭቃቸውን እያንጠባጠቡ በታጠበው ሲሚንቶ ላይ አልፈው ወደ ቆርቆሮው ክፍል ሄዱ። ሳህሊቱ ልትከለክላቸው እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችባቸውም። አሮጊቷ የበርሜሉን ክዳን አንሥተው አዩ። መጀመሪያ «እእእ!» አሉ። ከዚያ በርሜሉን፣ ፕላስተሩን፣ «ቆጮ» የሚለውን ወረቀት በተራ አዩና የበሩን መቃን ይዘው መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባቸው እስኪወርድ።

«ማን ነው ዑንጫን፣ ቆጮን፣ በፕላስቲክ የቀበረ? ሬሳ ነው? ሬሳም እኮ አፈር ይፈልጋል!»

«እንዳይሸት ብዬ ነው» አለች ሳህሊቱ በደቃቅ ድምፅ።

«እንዳይሸት! ይኸው አልሸተተም!» ሳቁ ያዛቸው። ሳቁ ሲበርድ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «እናትሽ አላሳየሽም? ጉድጓዱ ይከፈታል። ቅጠል ይቀየራል። ይገለበጣል። ትበያለሽ፣ ትጨምሪያለሽ፣ ትበያለሽ። ካልነካሽው ይሞታል። አንቺ ስንት ጊዜ ነካሽው?»

ሳህሊቱ ከኪሷ ቁራጭ ጨርቋን አውጥታ የበርሜሉን ገላ ጠረገች።

«ሩት ምን በላ?»

አሮጊቷ መልሱን ከፊቷ አነበቡት መሰል፣ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ እሥሩን እንድታወርድ ጠሯት። ሳህሊቱ እሥሩን ተሸከመች። ቅዝቃዜው፣ እርጥበቱ፣ ነጭ ውኃው በክንዷ ላይ ወርዶ ብብቷ ውስጥ ሲገባ ጥርሷን ነከሰች።

አስናቀች የግቢውን ሳፋና ድስት ሁሉ እየለቀሙ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ደረደሩ።

«እማማ፣ እርግብ ይኩስበታል» አለች ሳህሊቱ።

«ይኩስ! ሰማይ አምስት ቀን ሙሉ አጥቦታል፤ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጊ?» አሉና ቀኝ እጃቸውን ወደ ሆዳቸው ሰበሰቡ። ያን ጊዜ ነው ሳህሊቱ ያየችው። መዳፋቸው በአሮጌ የጋቢ ቁራጭ ተጠቅልሏል። ጨርቁ በእንሰት ጭማቂ ጠቁሯል፤ ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር ደርቋል።

«ምን ሆነው ነው?»

«ቢላ ነው። ለሩት እንሰቱን ስቆርጥ። አራት ቀን ሆነው። ተዪው።»

ሳህሊቱ አልተወችውም። የዝናቡን ውኃ በጨው አፈላች፣ አሮጊቷን በርጩማ ላይ አስቀመጠች፣ የደረቀውን ጨርቅ በሞቀ ውኃ እያራሰች ቀስ በቀስ አነሣችው። ሥሩ ያበጠ፣ የተከፈተ፣ መግል የያዘ ነው። እዚህ ላይ ፊቷ አልተጨማደደም። መግሉን ጨምቃ አወጣች፣ አጠበች፣ ከሩት ፋሻ ቆርጣ አሰረችላቸው። አሮጊቷ «ኣይ!» አሉ አንዴ ብቻ።

«ሐኪም ያስፈልገዋል» አለች። «ይህ እጅ ለሳምንት ምንም እንዳይነካ።»

«እሺ። ታዲያ ቡላውን ማን ያሽ? ቆጮውን ማን ይጭመቅ?»

ሳህሊቱ ዙሪያዋን አየች። በማድ ቤቱ ውስጥ እሷና አሮጊቷ ብቻ ናቸው። ከወዲያኛው ክፍል የሕፃኗ ድምፅ ይሰማል፤ ዛሬ ከትናንቱ ይልቅ ቀጥኗል፣ እየደከመ ነው። ጓንቷን ትፈልግ ጀመር። የክፉ ቀን ጓዳ ውስጥ የነበረው ጓንት አይጥ ጣት ጣቱን በልቶታል።

«በእጅ ነው» አሉ አስናቀች። «በጓንት ጭረቱ አይታወቅሽም። ውስጡ ክር ይቀራል፣ አራስ ያንቀዋል። እጅሽ ይወቀው።»

ቅጠሉን ፈታችው። ከውስጥ ነጩ፣ እርጥቡ፣ ጎምዛዛው ነገር ብቅ አለ። እጇን አንድ ስንዝር ከላዩ አቁማ ቀረች። አሮጊቷ አልገፏትም። ሕፃኗ እንደገና አለቀሰች። ሳህሊቱ ዓይኗን ጨፍና ሁለቱን እጆቿን እስከ አንጓቸው ከተተች።

ቀዝቃዛ ነበር። ጣቶቿ መካከል እየተንሸራተተ፣ ጥፍሯ ሥር እየገባ፣ ስትጨምቀው በክርኗ እየወረደ ልብሷ ላይ ይንጠባጠባል። ጭረቱን እያፈላለገች ትስባለች፤ እያንዳንዱ ክር ሲወጣ ዱቄት ውስጥ እንደነበረው ፀጉር ነው፣ ረጅም፣ እርጥብ። ማቅለሽለሹ እየመጣ ይመለስባታል፤ በአፍንጫዋ መተንፈስ ትታ በአፏ ትተነፍሳለች፣ ያን ጊዜ ሽታው ምላሷ ላይ ያርፋል፣ ያም ይብሳል።

«አጥብቂ! ልብስ አጣቢ አይደለሽም እንዴ?» አሉ አሮጊቷ። «እንደ አንሶላ ጭመቂው!»

ጨመቀችው። ጥቅልሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግራውን ወደ ውስጥ ቀኙን ወደ ውጭ ጠመዘዘች፤ የሃያ ስምንት ዓመት ልምድ ክንዷ ውስጥ ስለነበር ነጭ ውኃው ሳፋው ውስጥ ጅው ብሎ ወረደ። አስናቀች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ቡላውን በዝናቡ ውኃ ስትበጠብጥ፣ እያማሰለች ወደ ገንፎ ስትለውጠው፣ በቅጠል የመጣውን ለጋ ቅቤ ጣል ስታደርግበት፣ አሮጊቷ በግራ እጃቸው እንጨት ከመማገድ በቀር አልነኩም። ቆጮው በአክንባሎ ሥር ተጋገረ።

ሩት የመጀመሪያዋን ማንኪያ በጥርጣሬ ነው የቀመሰችው። ምናልባት ብታስታውክ ብላ ሳህሊቱ ሳፋ ይዛ ቆመች። ሩት ዋጠች። ጥቂት ቆየች። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ቅቤው በአገጯ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ሰሃኑን አጥርታ ቀና አለች።

«አሁንም አለ?»

«አለ» አለች ሳህሊቱ።

«ማን ነው የሠራው?»

«አማትሽ ናቸው ያመጡት።»

«ማምጣትማ አህያ አመጣ!» አሉ አስናቀች ከበሩ ላይ። «እጁ የእናትሽ ነው። አሽቺው፣ አልዋሸሁም!»

ሩት ሳቀችና ሆዷን ያዘች፣ ስፌቱ ነው። ሁለተኛውን ሰሃንም በላች፣ ከቆጮውም በዳቦ ፈንታ ቆረሰች። ያ ሁሉ ሆኖ ከእኩለ ቀን በኋላ፣ ሕፃኗ ጡቱን ይዛ፣ ለቅቃ፣ አልቅሳ፣ እንደገና ስትይዝ፣ ድንገት ዝም አለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ የእሷ መዋጥ ብቻ ሆነ። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ከአፏ ጥግ አንዲት ቀጭን ነጭ ጠብታ አመለጠች።

ሳህሊቱ ያንን አይታ ወጣች። ቀስ ብላ፣ እንደ ጨዋ ሴት፣ ነጠላዋን ሰብስባ በቤቱ ጀርባ ዞረች፤ ማንም ወደማያያት ቦታ እንደደረሰች ግድግዳውን በአንድ እጇ ይዛ አስታወከች። ከትናንት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ምንም ስላልነበረ የወጣው መራራ ውኃ ብቻ ነው። የያዘችው ግድግዳ ላይ የእጇ እርጥብ ቅርጽ ታትሞ ቀረ። እጇን አሸተተች፤ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥባለች፣ ሽታው ግን እዚያው ነው። አለቀቀም፣ ለቀናትም የሚለቅ አይመስልም። ቆርቆሮው ክፍል ውስጥ በርሜሉ አለ፣ አሥራ አራቱ ጀሪካን አለ፣ የአህያው ነገር ደፉ ላይ አለ። ሁሉም የሚታጠብ ነው፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው የሚታጠበው። ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ በእፍኟ ተቀብላ አፏን ተጉመጠመጠች፣ የእርግቡን ነገር እያሰበች፣ እየዘገነናት።

«የሩት እናት!» ብለው ተጣሩ አስናቀች ከማድ ቤት። «ሁለተኛው እሥር ተፈትቷል፣ ለነገ የሚሆን። ነይ ጭመቂ፣ ሳይመሽ!»

«መጣሁ፣ እማማ» አለች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እጅጌዋን እንደገና እየሰበሰበች ሄደች።